በሩ በየት በኩል ይሁን

አዲስ አበባ፣ የአንድ ወንዝ ዳር ሰፈር የእድር አዳራሽ፣ የሰኔ ማክሰኞ ጠዋት፤ ጡረታ የወጡት የመንገድ ሥራ ካቦና የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ይርዳው እና የሰፈሩ ልጅ አርክቴክት እጸገነት፣ በተጠቀለለው የእድር ድንኳን ላይ ከተዘረጋ ፕላን ግራና ቀኝ ቆመዋል።

ይርዳው፦ በጓሮ በኩል ይሁን አልኩሽ እኮ። ጓሮ የሚለው ቃል አዲስ ሆነብሽ እንዴ?

እጸገነት፦ ቃሉን አውቀዋለሁ ጋሽ ይርዳው። በጓሮ በኩል ከሆነ አልሠራውም ነው ያልኩት።

ይርዳው፦ እንግዲያው እኔም አልፈርምም። ፕላንሽን ጠቅልይ።

እጸገነት፦ ኮሚቴው አራት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። አሁን ሦስት ሊሆን ነው። እርስዎ ካልፈረሙ ሌሎቹ ስድስቱ አይፈርሙም። የእድሩ ፊርማ ከሌለ ወረዳው ፈቃድ አይሰጥም። ፈቃድ ከሌለ በጎ አድራጎት ድርጅቱ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወጉት ልጆች ግን የትም አይሄዱም፤ እዚሁ ናቸው።

ይርዳው፦ ይህን ያህል ካስጨነቀሽ የበሩን ነገር ተይውና የሰጠንሽን ተቀበይ። ድስቱን ሁሉ አውጥተን የዕቃ ክፍሉን ለቀቅንላችሁ። ሲስተር ትቀመጥበት አልን። ልጆቹ ገላቸውን ይታጠቡ፣ ቁስላቸው ይታሰር፣ ንጹሕ መርፌ ይውሰዱ፣ አረፍ ይበሉ አልን። እድር መርፌ ያድላል ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ያን ሁሉ ውጠን በሩ ብቻ በጓሮ ይሁንልን ብንል ምን በደልን?

እጸገነት፦ በደላችሁ አላልኩም። ግን ይህ አምስተኛው ፕላኔ ነው። የመጀመሪያውን ይዤ ጤና ክፍል ሄድኩ፤ የግንባታ ጉዳይ ነው አሉኝ። ግንባታ ሄድኩ፤ የጸጥታ ጉዳይ ነው አሉኝ። ጸጥታ ስሄድ አንድ ሰውዬ ፕላኑን ገልብጦ ይዞ ሲያየው ቆየና፣ ይህማ የጤና ጉዳይ ነው አለኝ። በየደረስኩበት አንድ አንድ ነገር ሲያስቀንሱኝ ነው የከረምኩት። መስኮቱ ጠበበ፣ በረንዳው አጠረ፣ የሲስተሯ ጠረጴዛ ወደ ጥግ ተገፋ። የቀረኝ በሩ ነው።

ይርዳው፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መጀመሪያ እኛ ዘንድ ብትመጪ ይህ ሁሉ ባልደከመሽ።

እጸገነት፦ መጀመሪያማ እናንተ ዘንድ ነው የመጣሁት። ወረዳውን አስፈቅደሽ ነይ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ይርዳው፦ ብያለሁ?

እጸገነት፦ እዚችው ቦታ ላይ ቆመው።

ይርዳው፦ እንግዲህ ወረዳው ይመልሳታል ብዬ ነዋ።

እጸገነት፦ አየሁልዎት።

ይርዳው፦ ስሚ እጹ። አንቺ እዚህ ተወልደሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን እድር ከእኔ ጋር ነው ያቋቋመው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው እዚህ ደጅ ላይ ነው። ለቀስተኛ ከየአገሩ ይመጣል። ሰው ሐዘን ተቀምጦ እነሱ እየተንገዳገዱ በመሀል ሊያልፉ ነው?

እጸገነት፦ አሁንስ የት ናቸው? ባለፈው ለቅሶ ላይ ሦስቱ ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። በሳህን ንፍሮ ይዘው የሄዱላቸው እርስዎ ነበሩ፤ አይቻለሁ።

ይርዳው፦ ንፍሮ ሌላ፣ በር ሌላ። የተራበ ይበላል። ገበና ግን ይሸፈናል።

እጸገነት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያላችሁ ያሳደጋችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ይርዳው፦ ለቀባሪው አረዱት አሉ። ተረቱን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?

እጸገነት፦ እሺ ተረቱን ልተወውና በሜትር ልንገርዎ። በአዳራሹና በወንዙ የድጋፍ ግንብ መሀል ያለው መተላለፊያ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ቁልቁለት ነው። ፀሐይ አይገባበትም። አሁን ክረምቱ ሲበረታ ጭቃው ጤነኛውንም ሰው ያንሸራትታል። አንድ ልጅ እዚያ ቢወድቅ ከመንገዱም አይታይ፣ ከውስጥም አይታይ። በመንገዱ በኩል ከሆነ ባለ ሱቋ ታየዋለች፣ ሊስትሮው ያየዋል፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ያየዋል። ሰው የሚያድነው የሲስተሯ መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ ዓይን ነው።

ይርዳው፦ ዓይን።

እጸገነት፦ አዎ፣ የሰው ዓይን።

ይርዳው፦ ዓይን ብቻውን ማንን ሲያድን አየሽ? ተይኝ እስቲ። ይልቅ ይህን አስረጂኝ፤ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ፕላን ሳነብ ነው የኖርኩት። የመታጠቢያ ቤቶቹን በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ አድርገሻል። ተሳስተሽ ነው?

እጸገነት፦ አልተሳሳትኩም።

ይርዳው፦ የመታጠቢያ ቤት በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ወደ ውጭ ከሆነ በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሰው ግንባሩን ይለዋል።

እጸገነት፦ ይበለው። ግንባር ይድናል።

ይርዳው፦ ከታችስ? ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀርቷል። በር ነው ወይስ የዶሮ ቤት መዝጊያ?

እጸገነት፦ እግር እንዲታይ ነው። የቆመና የወደቀ እግር ይለያል።

ይርዳው፦ መቀርቀሪያውም ከውጭ በሳንቲም ይዞራል ብለሽ ጽፈሻል። ታዲያ ምኑን ተዘጋ? ደግሞ መብራቱ። አንድ ወዳጄ የሚሠራበት ሆቴል ሽንት ቤቱ ውስጥ ሰማያዊ አምፖል አስገብተው ተገላግለዋል። በሰማያዊ መብራት የደም ሥር አይታይም፤ መውጊያ ሲያጡ ሄዱ አለኝ። አንቺ ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት ነጭ መብራት በነጭ መብራት አድርገሽዋል።

እጸገነት፦ የት ሄዱ አለዎት?

ይርዳው፦ እኔ ምን አውቃለሁ። ሄዱ።

እጸገነት፦ የሄዱትን እኔ አውቃቸዋለሁ። ሲስተሯ የአንዱን ክንድ አሳየችኝ። በጨለማ እየዳበሰ ሰባት ቦታ ወግቶት ክንዱ እንደ እግር አብጧል። መብራት ሲከለክሏቸው መውጋቱን አይተዉም፤ በዳበሳ ይወጋሉ እንጂ። እዚህ መርፌ ወስደው ይውጡ እንላለን፤ ደንቡ ያ ነው። ግን መታጠቢያ ቤት የገባ ልጅ ምን እንደሚያደርግ እኔም አውቃለሁ፣ እርስዎም ያውቃሉ። በሩን የሠራሁት ደንቡን ለሚያከብረው ብቻ አይደለም።

ይርዳው፦ የበሩ አከፋፈት ይህን ያህል የሚያከራክር ነገር ነው? ከተማው ሁሉ ወደ ውስጥ በሚከፈት በር ሲኖር ምን ሆነ?

እጸገነት፦ የሆነውን ልንገርዎ?

ይርዳው፦ ንገሪኝ።

እጸገነት፦ ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ወደ ደቡብ ካለች አንዲት ከተማ የገበያ ሽንት ቤት እንድሠራ ሰጡኝ። ስምንት ክፍል። ሌላው ሰው ተራ ሥራ ነው ብሎ የናቀውን እኔ ሌት ተቀን ለፋሁበት። ሽታ እንዳይወጣ ብዬ በሮቹን እስከ ወለሉ አወረድኳቸው። ሴቶች ተረጋግተው እንዲጠቀሙ ብዬ ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ አዘዝኩ። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ እንደተማርኩት፣ እንደ ከተማው ሁሉ። ሲመረቅ ፎቶ ተነሳሁበት።

ይርዳው፦ ጥሩ ሥራ ነው እኮ።

እጸገነት፦ ጥሩ ሥራ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንዲት ልጅ ገባችበት። ሰናይት ትባላለች፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ እዚያው ገበያ ቲማቲም የምትሸጥ። መርፌ እንደምትወጋ እናቷ እንኳን አታውቅም ነበር። ገብታ በሩን ቀረቀረችው። ወጋች፣ ወደቀች። የወደቀችው በሩ ላይ ነው።

ይርዳው፦ በሩ ላይ።

እጸገነት፦ ጠባቂው ማቃሰቷን ሰምቷል። በሩን ቢገፋው እንቢ አለው። ሁለት ሰው መጣ፣ ሦስት ሰው መጣ። በገፉት ቁጥር የሚገፉት እሷን ነው። ከታች ክፍተት የለ፣ እጅ አያስገባ። በያጅ ጠርተው ብረት መቁረጫውን ሲሰኩ መብራት ጠፋ። በመጨረሻ በመዶሻ ማጠፊያውን እየቀጠቀጡ ሰበሩት። ሃምሳ ደቂቃ ነው የፈጀው። ጠባቂው ነው የነገረኝ፤ መጀመሪያ ላይ ትንፋሿ ይሰማ ነበር፣ እየቆየ ቀረ ብሎ።

ይርዳው፦ አይ አንቺ ልጅ።

እጸገነት፦ በሩ ወደ ውጭ ቢከፈት ኖሮ አንድ ሰው በአንድ እጁ ያወጣት ነበር። ማንም አልወቀሰኝም፤ የበለጠ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሪፖርቱን ለምኜ አነበብኩት። በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት ሞተች ይላል። በር የሚል ቃል የለበትም። ቦታው ድረስ ሄጄ ሳየው የተሰበረውን በር ቀይረውታል። እንደበፊቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ መቀርቀሪያው ደግሞ ከበፊቱ የወፈረ።

ይርዳው፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብሽ።

እጸገነት፦ ሆነብኝ። አሁን የምጮኸው ሌላ ጅብ ሳይመጣ ነው፤ የሚሰማኝ ግን አጣሁ።

ይርዳው፦ ቆይ። ይህን ታሪክ ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ ለእኔ የነገርሽኝ ስለ ምንተስኖት ነው?

እጸገነት፦ ስለ ሰናይት ነው የነገርኩዎ።

ይርዳው፦ አውቄያለሁ። ግን ሰው የነገረሽ ነገር አለ?

እጸገነት፦ ስለ ምንተስኖት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነው የማውቀው። የእትዬ የሺመቤት የመጨረሻ ልጅ ነው። በጥር፣ በአዳራሹ ጀርባ፣ መርፌው ከጎኑ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያገኙት እርስዎ ነዎት። ነጠላ አልብሰው ቁጭ ብለው ጠበቁት ይላሉ። ሌላ ምን አለ?

ይርዳው፦ ምንም። ሌላ ምን ይኖራል።

እጸገነት፦ እንዲያውም ስለ እሱ ካነሱ፣ ምንተስኖት በሞተበት መተላለፊያ ሌሎቹን አስገቢ እያሉኝ መሆኑን ያስተውሉ። ትናንት ልለካ ስገባ ደግሞ ድንጋዮቹን አየኋቸው።

ይርዳው፦ ኮሚቴው ወስኖ ነው።

እጸገነት፦ ሹል ጥቁር ድንጋይ፣ በስሚንቶ ቁልቁል የተተከለ፣ በየስንዝሩ። ከግንቡ ሥር ከዳር እስከ ዳር። ሰው እንዳይቀመጥበት፣ ጋደም እንዳይልበት። ኮሚቴው ወስኖ ይሆናል፤ እጁ ግን የእርስዎ ነው። በዚህ ሰፈር ድንጋይ እንዲህ በመስመር የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው የለም።

ይርዳው፦ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም።

እጸገነት፦ ለምን ብለው ደከሙ?

ይርዳው፦ ሌላ ልጅ እንዳይሞትበት ነዋ። ለምን ይመስልሻል?

እጸገነት፦ ከዚያስ? ወደ ድልድዩ ሥር ወረዱ። እዚያ ወርደው አይተዋቸዋል? የወንዙ ድምፅ የሰው ጩኸት ይውጣል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ወንዙ ራሱ ይመጣባቸዋል። ሰውን የገደለው መርፌው፣ የተቀጣው መቀመጫው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ይርዳው፦ ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ነው። ያወቅነውን አደረግን።

እጸገነት፦ እሺ፣ ያወቁትን አደረጉ። አሁን ግን አንድ ነገር አልገባኝም። መተላለፊያውን በድንጋይ የዘጉት እርስዎ። በሩ በመተላለፊያው በኩል ይሁን የሚሉት እርስዎ። ልጆቹ በየት በኩል ይምጡ? እየበረሩ?

ይርዳው፦ ድንጋዩን አስነሳዋለሁ።

እጸገነት፦ መቼ?

ይርዳው፦ ሲደርስ።

እጸገነት፦ አይነሳም፣ አይደል? በሩ በወረቀት ላይ ይኖራል፣ ሲስተሯ ቁጭ ትላለች፣ ማንም አይመጣም። ከዚያ በዓመቱ ሞከርነው፣ ሰው የለውም ትሉና ድስቱን ትመልሳላችሁ። ይህን ከሆነ የሚፈልጉት እንቢ ይበሉኝ። እንቢታ ለምጃለሁ። በእሺታ መታሸት ነው ያታከተኝ።

ይርዳው፦ ልብ አድርቅ ነሽ። አባትሽም እንዲህ ነበር።

እጸገነት፦ እውነቱን ይንገሩኝ። ድንጋዩን ተክለው ከጨረሱ ወዲህ ጓሮ ገብተው ያውቃሉ?

ይርዳው፦ ምን ልሠራ እገባለሁ?

እጸገነት፦ የእድሩ ሽንት ቤት እዚያ ነው። ወንበሮቹ የሚቀመጡበት ቆርቆሮ ቤት እዚያ ነው። ባለፈው ለቅሶ ወንበሩን ሲያወጡ የነበሩት ሌሎች ናቸው፤ እርስዎ ደጅ ቆመው ይቆጥሩ ነበር። እትዬ የሺመቤት ናቸው ያስተዋሉት። ጋሽ ይርዳው ጓሮ አይገቡም፣ ልጄን ያገኙበት ቦታ ሆኖባቸው ነው፣ አንጀተ ቡቡ ናቸው አሉኝ።

ይርዳው፦ የሺመቤት እንዲህ አለች?

እጸገነት፦ እንባቸው መጥቶ ነበር።

ይርዳው፦ በወሩ በወሩ፣ በሚካኤል፣ ዳቦ ትልክልኛለች። ትኩስ ዳቦ በኮባ ጠቅልላ። ልጄን ውሻ ሳይነካው፣ ዝንብ ሳያርፍበት ያገኘልኝ ሰው ነው ትላለች። ሚስቴ ትቆርሰዋለች። ለእኔ አይወርድልኝም።

እጸገነት፦ ለምን?

ይርዳው፦ በሩን ዝጊው እስቲ።

እጸገነት፦ ዘጋሁት።

ይርዳው፦ በሦስት ሰዓት አይደለም ያገኘሁት።

እጸገነት፦ አልገባኝም።

ይርዳው፦ የዚያን ዕለት ጠዋት የአንድ አባላችን እናት አርፈው ነበር። ሰው ከመምጣቱ በፊት ወንበር ላወጣ በአሥራ ሁለት ሰዓት መጣሁ። ብቻዬን ነኝ። ከቆርቆሮ ቤቱ አርባ አራት ወንበር ነው የማወጣው። ምንተስኖት ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ነበር። አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል። ያንኮራፋል።

እጸገነት፦ በሕይወት ነበረ።

ይርዳው፦ በሕይወት ነበረ። መርፌውን አላየሁም፤ ከእግሩ ሥር ነበር ኋላ እንዳየሁት። ሰክሮ ያደረ መሰለኝ። ተናድጄ ነበር፤ ሰው ሞቶብን እሱ እድር ቤት መጥቶ ይተኛል ብዬ። አፌን ሞልቼ፣ ይተኛበት፣ አልኩ። አራት አራት ወንበር አድርጌ ተሸከምኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ እጹ። መተላለፊያው አንቺ እንዳልሽው ጠባብ ነው። በስምንተኛው ይሁን በዘጠነኛው የወንበሩ እግር ትከሻውን ነካው። ይቅርታ እንኳን አላልኩትም።

እጸገነት፦ ጋሽ ይርዳው፣ ይቀመጡ።

ይርዳው፦ ቆሜ ልጨርሰው። ማንኮራፋቱ እየራቀ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። አንድ ያንኮራፋና ዝም ይላል። ደግሞ አንድ። እንቅልፉ ጠለቀ አልኩ። ድንኳን ልተክል ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ድስት ልወስድ ስመለስ ያ ድምፅ የለም።

እጸገነት፦ ያ ማንኮራፋት እኮ...

ይርዳው፦ አትንገሪኝ፣ አውቄዋለሁ። አንቺ ያመጣሻትን ሲስተር ለሌላ ሰው አስመስዬ ጠየቅኋት። እሱ እንቅልፍ አይደለም፣ ትንፋሽ እያጠረ ነው አለችኝ። በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት አለ፤ እሱ ባይኖር እንኳን ቀና አድርጎ አየር እየሰጡ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው አለችኝ። መኪና ነበረ። የለቅሶው መኪና ደጅ ቆሞ ነበር።

እጸገነት፦ አላወቁም ነበር።

ይርዳው፦ አላወቅሁም። አንቺስ የበሩን ነገር መቼ አወቅሽ? ግን ይቅር ብለሽ ራስሽን አልተውሽም። እኔን ለምን ቶሎ ትምሪኛለሽ?

እጸገነት፦ ለራሴ ማለት ያቃተኝን ለእርስዎ ማለት ስለሚቀለኝ ነው።

ይርዳው፦ እና አንቺ መጥተሽ፣ በሩ በመንገድ በኩል ይሁን፣ ዓይን ያድናል ትይኛለሽ። ዓይን ነበረኝ። ያውም የሚያውቀው ሰው ዓይን። ክርስትናው ላይ ነበርኩ።

እጸገነት፦ እውነትዎን ነው። ዓይን ብቻውን አይበቃም። አምስት ጊዜ ስሥለው ይህን አላየሁትም። መስኮት አድርጌአለሁ፣ የሚያሳይ በር አድርጌአለሁ፤ የሚያየው ሰው ምን እንዳየ ካላወቀ ግን ሊስትሮውም ባለ ሱቋም እንደ እርስዎ ያልፋሉ። ያን እርሳስ አይሥለውም። ለሰው መነገር አለበት። የሚያንኮራፋ መስሎ የሚሞት ሰው አለ ተብሎ ለሰፈሩ በግልጽ መነገር አለበት።

ይርዳው፦ ማን ይነግራቸዋል? ሲስተሯ ብትነግራቸው ደመወዝተኛ ናት ይላሉ። አንቺ ብትነግሪያቸው ከትምህርት ቤት ያመጣችው ነው ይላሉ።

እጸገነት፦ ይላሉ።

ይርዳው፦ አንቺ ለልጅቷ እናት ነግረሻታል? ስለ በሩ።

እጸገነት፦ አልነገርኩም። ቤቷ ድረስ ሄጃለሁ። ለቅሶ ደረስኩ፣ እግዜር ያጥናሽ አልኳት፣ ንፍሮ በላሁ፣ ወጣሁ። ማን ነሽ ስትለኝ ከሰናይት ጋር ገበያው ውስጥ ነው የምንተዋወቀው አልኳት።

ይርዳው፦ እኔ ደግሞ ዳቦ እየተቀበልኩ አምስት ወር።

እጸገነት፦ አሁን ምን ይሻላል? ሦስት ተኩል አልፏል።

ይርዳው፦ ከኮሚቴው ሞላልኝ መጥቷል። ደጅ ሲስል ይሰማኛል።

እጸገነት፦ በመንገዱ በኩል ከሆነ ይፈርሙልኛል?

ይርዳው፦ ፊርማዬ ብቻውን ምን ይሠራልሻል? ከሰባታችን አራቱ ልባቸው እንቢ ነው። ሞላልኝማ ትናንት ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ የእድር ሥራ መቅበር ነው፣ ማስታመም ከተጀመረ መጨረሻ የለውም አለኝ። በጓሮ ይሁን የሚለውንም ያመጣው እሱ ነው። እኔ ወደድኩለት። ለምን እንደወደድኩለት አሁን ታውቂያለሽ።

እጸገነት፦ የማላየው ቦታ ይሁንልኝ ብለው።

ይርዳው፦ የማላየው ቦታ። ወይም ማንም የማይገባበት። የትኛው እንደነበር ለራሴም አልጠየቅሁትም።

እጸገነት፦ ስለዚህ ወደቀ ማለት ነው። ስድስተኛ ፕላን አልሠራም ጋሽ ይርዳው። ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ በጣም ደክሞኛል።

ይርዳው፦ አትጠቅልይው። እንደተዘረጋ ተይው።

እጸገነት፦ ምን ዋጋ አለው?

ይርዳው፦ ተይው አልኩሽ። ከዚያ ውጪና የሺመቤትን ጥሪያት። ይርዳው ይፈልግሻል በያት፤ ሌላ ነገር እንዳትነግሪያት።

እጸገነት፦ እዚህ? ሰው ሁሉ ባለበት?

ይርዳው፦ ሰው ከመስማቱ በፊት ከእኔ አፍ ትስማ። ደጁ ላይ፣ ብቻዋን። ብትሰድበኝም፣ ብትተፋብኝም፣ እሷ የምታውቀው ነው።

እጸገነት፦ ከዚያስ?

ይርዳው፦ ከዚያ ስብሰባውን እኔ እከፍተዋለሁ። ስለ በር አንድ ቃል አልናገርም። ምንተስኖትን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት በሕይወት አግኝቼው፣ ወንበር ተሸክሜ አሥራ አንድ ጊዜ አልፌዋለሁ ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ በኋላ በጓሮ በኩል ይሁን የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ።